ጣና ዳር በእግር፦ ያየነውና መዝገብ ላይ ያሰፈርነው

(በየካቲት 2011 ዓ.ም. በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ)



በአጀንዳው ላይ «የጉዞ ሪፖርት» ተብሎ የተጻፈው የእኛ ነው። እኛ ማለት ባለፈው ጥር ጣና ዳር ሄደን የመጣን 14 አባላት ነን። የሚያነበው ሒሳብ ያዥ ቢሆንም የተጻፈው አብረን ተቀምጠን ነው። ስንጽፈውም ሁለት ጊዜ ተጣልተንበታል።

ስለ ገንዘቡ አስቀድመን እንናገር፤ ሹክሹክታው እኛም ጋ ደርሷል። «የእርዳታ ገንዘብ ይዘው ሽርሽር ሄዱ» ተብሏል። እያንዳንዳችን 1,100 ብር ከኪሳችን አውጥተናል። ለአውቶቡስ ደርሶ መልስ 480፣ ለሦስት ሌሊት አልጋ 300፣ ለጀልባ 120፣ ለምግብ 200። የ14ታችን ሲደመር 15,400 ብር ነው። ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ብር አልወጣም፤ ከለጋሾች ሒሳብማ ጭራሽ። ደረሰኞቹ በሰማያዊው ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ማንም አባል ሐሙስ ከሰዓት መጥታ ማየት ትችላለች። የመኝታ ቤቱ ደረሰኝ ብቻ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

ወደ ጣና የሄድነው ለምን ነበር? ይህን ለመመለስ ወደ አምናው ዐቢይ ጾም መመለስ አለብን፤ ለብዙዎቻችን ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። አዲስ የመጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁና ባጭሩ እንንገራችሁ። አምና ስምንት አባላት ከሣጥኑ 24,000 ብር ተበድረው የዓሣ ንግድ ጀመሩ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወውና፣ በአዲስ አበባ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው እንደሚበዛ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከዝዋይ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ ተገኘ፣ አጥንቱ የወጣለትን ሥጋ ኪሎውን በ95 ብር ያቀርብልን ጀመር። ሁለት ሳምንት መልካም ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዓሣው የደረሰው በማግሥቱ ነው። 65 ኪሎ ጣልን። 6,175 ብር ማለት ነው። በዱቤ የወሰዱት 3,400 ብር እስካሁን አልተመለሰም። ለማጓጓዣና ለዕቃ የወጣው 1,850 ነበር። ጠቅላላ ኪሳራው 11,425 ብር ሆነ፤ ለስምንት ሲካፈል ለአንዷ 1,428 ብር ይደርሳታል። ለአንዳንዱ ትንሽ ገንዘብ ይመስላል። እንጀራ ጋግራ ለምታድር ሴት ግን የስንት ወር ጥሪት ነው! ከስምንቱ ሦስቱ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አይመጡም። ዛሬም አልመጡም። ስንደውልላቸው «ይመቸኝና እመጣለሁ» ይላሉ።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ንግዱን እንድገመው ወይስ እንተወው? ከማስታወቂያና ከነጋዴ አፍ ከምንሰማ ሄደን ዓሣው ከሚወጣበት ብናይ ይሻላል አልን። ዝዋይ ቅርብ ነበር፣ ግን ከመካከላችን አንዷ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፤ የሐይቁን ዳር ሰዎች ታውቃለች። እሷን ይዘን ሄድን።

በእግር መሄዳችንን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው፣ በአውጭው ዓለም በባሕር ዳርቻ የዓሣ አጥማጆችን መንደሮች በእግር እየዞሩ መጎብኘት ትልቅ ነገር እንደሆነ አንዲት ወዳጃችን ነግራን ነበር። በጣሊያን ቺንኳ ቴሬ የሚባሉ አምስት የባሕር ዳር መንደሮች አሉ፤ የሚያገናኛቸው በገደል ላይ የተሠራ የእግር መንገድ ነው። ከመንገዱ በአንዳንዱ ለመሄድ ተጓዡ ካርድ ይገዛል። በፖርቱጋልም ስሙ ራሱ «የዓሣ አጥማጆች መንገድ» የሚባል አለ፤ ዱሮ አጥማጆች መንጠቆአቸውን ይዘው ወደ ገደሉ የሚወርዱበት የነበረ ነው። እኛ አገር ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ጉለሌ ውስጥ ደግሞ ባሕር የሚለው ቃል የቀረልን በባሕር ዛፍ ላይ ብቻ ነው። ጣናን ግን ሕዝቡ ባሕር ነው የሚለው፤ ከተማዋም ባሕር ዳር ናት። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ውሃ ነውና ማዶው አይታይም።

እግራችን እንደሆነ አልፈራንም። ከ14ታችን አምስቱ ለዓመታት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሽሮ ሜዳ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። ይልቅስ የፈራነው አውቶቡሱን ነው፤ የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሦስት ሰው አስመለሰን፤ የማንን እንደሆነ አንናገርም።

በመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥተን የሐይቁን ዳር ይዘን ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አቅጣጫ ሄድን። በዚያ በኩል የነገደ ወይጦ ሰዎች መንደር አለ። ታንኳ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ታንኳው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በገመድ ይታሰራል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ውሃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ በየጊዜው ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ቢሆንም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ይህን ስንሰማ ወዲያው የዕቃ እርጅና ተቀናሽ ነው የታየን፤ አንድ ዓመት እንኳ የማይሞላ ንብረት በየትኛው መደብ ይመዘገባል? ሽማግሌው ሳቁብን።

ወንዶቹ ያጠምዳሉ፣ ታንኳ ይሠራሉ። ሴቶቹ ከደንገልና ከሣር ቅርጫትና ሰፌድ ይሠራሉ። አንዲት እናት እንደነገሩን ልጅ ሳሉ ደንገሉ ከደጃቸው ነበር። አሁን ዳርቻው ለእርሻም ለግንባታም እየተያዘ ደንገል ለማጨድ ሩቅ ይኬዳል። ለቅርጫቱ የሚከፈላቸው ዋጋ ግን የመንገዱን ርቀት አይጨምርም።

እዚህ ላይ ሪፖርቱ ላይ ያልጻፍነውን አንድ ነገር እንናገር። ለመናገርም የተጣላነው በዚህ ነው። ቤተሰቡ ቡና አፈላልን፣ የተጠበሰ ዓሣም አቀረበልን። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች እጃቸውን አልዘረጉም። አንደኛዋ ሆዴን አሞኛል አለች። ሆዷን አላመማትም። ወይጦን በሚመለከት ስታድግ የሰማችው ነገር ነው የያዛት፤ ያ ሕዝብ ጉማሬ ያድን ነበር ተብሎ፣ አብሮት የማይበላ ሰው ብዙ እንደነበረ የሚታወቅ ነው። የቤቱ እናት ገብቷቸዋል፤ ምንም አላሉም፤ ሳህኑን ግን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ያን ጊዜ ከእኛ ትልቋ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ሳህኑን መልሰው ወደ መካከል አምጥተው መጀመሪያ ቆረሱ። «ይጣፍጣል፤ ምን ጨመራችሁበት?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም በመጨረሻ በልተዋል፤ አንደኛዋ ዛሬ ይህ እንዲነበብ የፈቀደችው ስሟ እንዳይጠራ ብላ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር አስተዋልን። በማኅበራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን፤ በዓል ስናደርግ ሥጋው ሁልጊዜ ሁለት ድስት ነው። ዓሣ ግን ቢላዋና ጸሎት የሚለየው አይደለም። ያን ቀን 14ታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ለወደፊቱ የማኅበሩ ምሳ ዓሣ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ በወጪው በኩል ገና አላሰላነውም።

በሁለተኛው ቀን ዓሣ ወደሚወርድበት ቦታ ማለዳ ደረስን። አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ሲነጋ ያወጣሉ። ዓሣው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። በታንኳ የሚያጠምደው ከዳር አይርቅም። ሞተር ጀልባና ሰፊ መረብ የመጣው ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ከሆላንድ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅትና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጋራ የጀመሩት ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓሣው ሩቅ ገበያ መድረስ ጀመረ። ቁጥሩም መቀነስ ጀመረ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣል፤ መረብ ደግሞ የሚጠብቀው በወንዙ አፍ ላይ ነው። አንድ አጥማጅ እንዲህ አለን፦ «በክረምት አንድ እናት ዓሣ መያዝ በሣጥናችሁ ያለውን ገንዘብ ከነወለዱ መብላት ነው።» ምሳሌውን ለእኛ ብሎ እንደመረጠው ገብቶናል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ርካሽ መረብ ግን አሁንም በየቦታው ይታያል። ስለ እምቦጩም ጠየቅናቸው። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው የበረታው፤ ውሃው ላይ ተነጥፎ መረብ ማስጣያ ከልክሏል። እኛ በሄድንበት በኩል ጥቂት ነው ያየነው። አበባው ያምራል፤ አለማመስገን አይቻልም።

ዓሣውን የሚበልቱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አምና ያላወቅነውን ሁሉ ያስተማሩን እነርሱ ናቸውና እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ለሚነግዱት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የሚዛን ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ የቆሮሶ ሥጋ ለማግኘት ሦስት ኪሎ ያህል ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና የሆድ ዕቃ ሁለቱን እጅ ይወስዳል። ከኪሳራው በኋላ «ሙሉውን ዓሣ በ35 ብር ገዝተን ራሳችን ብንበልት እናተርፋለን» የሚል ዕቅድ ቀርቦ ነበር፤ ይህን ዕቅድ የደገፍነው እኛው ሒሳብ የምንይዘው ነን። ሦስት ጊዜ 35 ግን 105 ነው። ከተበለተው በ10 ብር ይበልጣል፤ የሠራተኛው ድካምና የውሃው ወጪ ሳይታሰብ። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ የሚሸጥ ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ዕቅዱ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮም እዚህ ቆመን ኪሳራ እናነብ ነበር።

ሁለተኛው በረዶ ነው። ዓሣ እንደ በሬ ሥጋ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ አይውልም። ከውሃ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ይቆጠራል፤ በሙቀት በሰዓታት ይበላሻል፣ በረዶ ውስጥ ግን ቀናት ይቆያል። አምና የተበላሸው መኪና ስለቆመ ይመስለን ነበር። ሴቶቹ ሲጠይቁን ግን ዓሣው የመጣው በጆንያና በፕላስቲክ እንደነበር አመንን። መኪናው ባይበላሽም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም ነበር። ነጋዴውን ዓመቱን ሙሉ ስንረግም ከርመን፣ ስንረከብ በረዶ ያልጠየቅነው እኛ ነበርን። ይህን ስትሰሙ አምና የከሰራችሁ እህቶቻችን ጥፋቱ የእናንተ ብቻ እንዳልሆነ እወቁልን፤ ብድሩን ስናጸድቅ በረዶ የሚል ቃል ማመልከቻው ላይ እንደሌለ ያላየው የብድር ኮሚቴውም ነው።

ሦስተኛው መለየት ነው። ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለና ያልጎደጎደ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ። ከተበለተ በኋላ ግን ስንጥብም ዓይንም የለም፤ ጣትና አፍንጫ ብቻ ናቸው የሚቀሩት። እማማ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው የሚገባውን ሁሉ በጣት እየተጫኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። በመንገዳችን ባለ ጀልባው ክብራን ገብርኤልን አሳየን፤ ሴት የማይገባበት ደሴት ነው። ከጀልባው ሆነን ተሳለምን። ቀጥሎ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት ነው። ዘጌ ላይም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል፤ የውስጡን የግድግዳ ሥዕል ለማየት ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። እኛም አየን፤ ለመግለጽ ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆነው ግን መንገዱ ነው። ዘጌ በጫካ የተሸፈነ ነው። በልማዱ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው፣ እህል ገዝቶ ይበላል። ጎብኚ ከጀልባ ወርዶ ወደ ዑራ ይወጣል፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ትንንሽ ታንኳና ጌጣጌጥ ይዘው ተሰልፈዋል። ጀልባው እየጠበቀ ስለሆነ ጎብኚው ይቸኩላል፤ አይቶ ይመለሳል። እኛ ጀልባውን አሰናብተን በእግር ወደ አፋፍ ቀጠልን። ከወደቡ ጥቂት እንደራቅን መንገዱ ላይ የሚሸጥም የሚገዛም የለም። ቡና ያፈላችልን ሴት ቤቷ ከዋናው መንገድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይርቅም፤ ከእኛ በፊት ፈረንጅ በደጇ ያለፈበትን ቀን ግን አታስታውስም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ሴትየዋ ስለዚህ ሰምታ እንደሆነ ጠየቅናት። «ሰምቻለሁ፣ ስብሰባ ነበር» አለች። ለ14 ሰው ቡና ስንት እንዳስከፈለችን ማንም አያምንም፤ ጨምረን ሰጠናት፣ በደረሰኝ ግን አልተመዘገበም።

ከዚያ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ በታንኳ እንደሚጫን ሰምተናል፤ ከጫካው እስከ ውሃው ያለው ግን በጀርባ ነው። ከእኛ አንዷ፣ በእንጦጦ መንገድ ብዙ ዓመት የሠራችው፣ አንዲቱን ልጅ አስቆመቻት። ሰላምታም ሳትሰጥ ከኋላዋ ዞረች። «ገመዱን ዝቅ አድርገሽ ነው ያሰርሽው፣ ወገብሽን ይጨርሰዋል» ብላ አወረደችላትና እንደገና አሰረችላት። ልጅቱ ቆማ አየቻትና «እርስዎም ተሸካሚ ነዎት?» አለቻት። «ነበርኩ» አለች። ሸክሙን ራሷ አንሥታ እስከ ውሃው ዳር ተሸከመችላት። እኛ ሌሎቻችን ቦርሳዋን ይዘን ከኋላ ተከተልን። ውሃው ዳር ስትደርስ ክብደቱን ገምታ ነገረችን፣ ዋጋውንም ጠየቀች፣ ዋጋውን ስትሰማ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ከአፋፍ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ በከፊል በእግር፣ የእንፍራንዝን ረግረግ ካለፍን በኋላ በሚኒባስ ነው የተመለስነው። በክረምት በዚያ በኩል በእግር ማለፍ አይቻልም ብለውናል፤ በጥርም ጫማችን ተርፎ አልመጣም።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የዓሣው ንግድ ዘንድሮ ይጀመር፣ ግን እንደ አምናው 24,000 ብር ይዘን አይደለም። ብድሩ 6,000 ብር ብቻ ይሁን። በሳምንት ከ15 ኪሎ በላይ አይታዘዝ፤ የሚታዘዘውም አስቀድሞ ለተከፈለበት ብቻ ነው። ዱቤ የለም፤ ለእኛ ለራሳችንም የለም። ዓሣው ተበልቶ፣ በበረዶ ውስጥ፣ ከተጫነበት ሰዓት ጋር ተጽፎ ይመጣል፤ ስንረከብ አንዷ በጣቷ ሳትሞክር ፊርማ የለም። ከጣና ማምጣት ለመንገዱ ርቀት አያዋጣም፤ ስለዚህ ከዝዋይ ነው የሚሆነው፣ ነጋዴው ግን ሌላ ነው። በዚህ መጠን ትርፉ ትንሽ ነው፤ በሳምንት ለአንድ ሰው የትራንስፖርት ያህል ቢሆን ነው። ብዙ ይገኛል ብለን አንዋሻችሁም።

አንድ ነጥብ ላይ አልተስማማንምና ለጉባኤው እናቀርባለን። ከእኛ ዘጠኙ የአምናው ኪሳራ ከስምንቱ ላይ ብቻ መቀነሱ ትክክል አይደለም ይላሉ፤ ብድሩን ያጸደቀው ኮሚቴ ነውና ግማሹ፣ 5,712 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ከማኅበሩ መጠባበቂያ ይከፈል ነው የሚሉት። አምስቱ ደግሞ ደንቡ ተበዳሪ ኪሳራን ይሸከማል ስለሚል ዛሬ ብንጥሰው ነገ ማን ብድር ይመልሳል ይላሉ። ሒሳብ የምንይዘው በሙያችን ከአምስቱ ጋር ነበርን። በረዶውን ካወቅን በኋላ ግን ወደ ዘጠኙ ተሻግረናል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልን። የመጠባበቂያው ሒሳብ ይህን ለመክፈል ይበቃል፣ የለጋሾችን ገንዘብም አይነካም።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። ሦስቱ እህቶቻችን ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሄደው እንዲጠሯቸው ሊቀ መንበሯ ፈቅደዋል። ከባሕር ዳር የገዛነው ቅርጫት ከበሩ አጠገብ ነው፤ የሚሸጥ ነው፣ ዋጋው ከሥሩ ተጽፏል፣ ክርክር አንቀበልም።